አስተርጓሚ ያጣው ዲስክ

በግድቡ ጽሕፈት ቤት ስሟን የሚጠራ ሰው የለም። አለቃው፣ ሾፌሩ፣ የበር ጥበቃው ሁሉ «እትዬ መዝገብ» ይሏታል። ቅጽል ስሙ የወጣላት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ጸሐፊ ሆና ስትቀጠር ነው። ሥራዋ ከግድቡ ሆድ ውስጥ በየቀኑ እየተለካ የሚመጣ አንድ ቁጥር ከደብተር ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነበር። ዛሬ የሰርቨር ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ቅጽል ስሙ ግን አልለቀቃትም።

ስለዚያ ቁጥር አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል። ግድብ ሁሉ ያፈሳል። ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ነገሩ እየገባው ሲሄድ ግን ይደነቃል። ከአፈርና ከድንጋይ ተጠቅጥቆ የተሠራ ግድግዳ የቱንም ያህል ቢወፍር፣ ተራራ የሚያህል ውሃ ሲደገፍበት ጥቂት ጥቂት ማላቡ አይቀርም። ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ከሥሩ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚሄድበት መተላለፊያ አበጁለት። ላቡ ሁሉ እዚያ ባለች ቦይ ይጠራቀምና በአንዲት ጠባብ አፍ ይወጣል፤ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚወጣም ይለካል። እንግዲህ ጥያቄው «ያፈሳል ወይ?» አይደለም። «ውሃው እዚህ ከፍታ ላይ ሲደርስ ድሮ ስንት ያፈስ ነበር? ዛሬስ?» ነው። ሁለቱ ከተቀራረቡ ግድቡ ጤነኛ ነው። የዛሬው ከድሮው እጅግ ከበለጠ ውሃው በግድግዳው ውስጥ አዲስ መንገድ እየቆፈረ ነው ማለት ነው። የድሮው ቁጥር ከጠፋ ደግሞ የዛሬው ብቻውን ዲዳ ነው።

የሚለካው ሰውዬ «አባባ ሊትር» ይባላል። ጡረታው የደረሰ፣ ወገቡ ከመተላለፊያው ጣሪያ ጋር ሲስማማ የኖረ ሰው ነው። ከታች ስልክ ሲደውል «ሊትር ነኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

እትዬ መዝገብ ስለ ማሽን የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ አይደለም። በተቀጠረች በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰርቨር ገጣሚ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣ። ሰርቨር ማለት ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ «ስጠኝ፣ አስቀምጥልኝ» እያሉ የሚያንኳኩበት፣ ቀንም ሌትም የማይተኛ ማሽን ነው። ገጣሚው አሥራ አምስት ቀን ቆየ። እሷ በየቀኑ ሻይ ይዛለት እየገባች ከአጠገቡ ትቆምና ትጠይቃለች፤ ይሄ ምንድን ነው? ያስ? ለምን እንዲህ ሆነ? በሦስተኛው ቀን ሰውዬው፣ «ሻዩንና ጥያቄውን ለየብቻ አምጪልኝ፤ አብረው ሲመጡ ሻዩ ይበርድብኛል» አላት። በአምስተኛው ቀን ግን ወንበር ሳበላት።

«ዲስክን እንደ መጋዘን አስቢው» አላት። «ዕቃው እንዲሁ አይወረወርም። መጋዘን ጠባቂው የቱን የት እንዳኖረ በራሱ ደብተር፣ በራሱ አጻጻፍ ይይዛል። ይህ የአቀማመጥና የአመዘጋገብ ስልት ፋይል ሲስተም ይባላል። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ ጠባቂ የራሱ ቋንቋ አለው። ከርነል የምንለው ደግሞ የማሽኑ እምብርት ነው፤ በፕሮግራሞቹና በብረቱ መካከል ቆሞ የሚያዝ። ታዲያ ከርነል የሁሉን ጠባቂ ቋንቋ አይችልም። ለእያንዳንዱ አስተርጓሚ ይፈልጋል። አስተርጓሚው ድራይቨር ይባላል።»

«አስተርጓሚው የቀረ ቀንስ?»

«ከርነሉ በሩ ላይ ቆሞ ‹ይህን ዓይነት አላውቀውም› ይላል።»

«ዕቃውስ?»

«ዕቃው የት ይሄዳል? እዚያው ነው። አንቺ መፍራት ያለብሽ መጋዘኑ ባዶ ነው ብሎ የሚያቃጥለውን ሰው ነው።»

ገጣሚው ለግድቡ የመረጠው ፋይል ሲስተም በዘመኑ ጥቃቅን ፋይሎችን በማኖር የሚመሰገን ነበር። ግድቡ በቀን ብዙ መቶ ጥቃቅን ልኬት ስለሚወልድ ምርጫው ልክ ነበር። ነገር ግን ዓመታት አለፉ፤ የሠሩት ሰዎች ተዉት፤ የሚጠቀምበት ሰው ተመናመነ። እሷ ማሽኑም ዲስኩም ባረጀ ቁጥር ይዘቱን እንዳለ፣ ከነአጻጻፉ ወደ አዲሱ ዲስክ ትገለብጠዋለች። «የሚሠራ ነገር አይነካም» ባይ ናት። የድሮዎቹ የወረቀት ደብተሮች በእርጥበት ሻግተው ከተጣሉ ቆይተዋል። ስለዚህ የግድቡ የሃያ ሁለት ዓመት ላብ የሚነበበው ከዚያ ዲስክ ብቻ ሆነ፤ ከእሱም በየሌሊቱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ከሚገለበጠው ቅጂ።

ሌላም ሕግ ነበራት፤ በክረምት ሰርቨር አይነካም። ዝናብ ሲይዝ ግድቡ በየሰዓቱ ቁጥር ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ማሽን አጥፍቶ ማስነሣት ሐኪም በቀዶ ጥገና መሐል እጁን ሊታጠብ እንደመውጣት ነው ትላለች። ሕጉን ራሷ አውጥታ፣ ራሷ ጽፋ በበሩ ላይ ለጥፋዋለች። ያፈረሰችውም ራሷ ናት።

ዝናቡ ሳያባራ ሦስተኛ ሳምንቱን በያዘበት አንድ ከሰዓት በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ተደወለ። ደዋዩ የሰርቨሮች ቴክኒሻኑ ነበር፤ ነገሩን ሁሉ «ደቂቃ ነው» ስለሚል እሷ «አቶ ደቂቃ» ብላዋለች።

«እህቴ፣ የሁሉም ቅርንጫፍ ሰርቨር ከርነል እየታደሰ ነው። የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ዝናቡ ይቁም፤ ከዚያ አድርገው።»

«ዝናቡን እኔ አላዘነብኩት! አሮጌው ከርነል ቀዳዳ አለበት፣ ሰርጎ ገብ ይገባበታል እየተባለ አለቃዬ አንገቴን ይዞኛል። አጥፍቼ ላስነሣው። ደቂቃ ነው።»

ሰው ይደክማል። እሷም ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልነበራትም። «በል አድርገው» አለችው። ማሽኑ ጠፋ፤ ተነሣ። መብራቶቹ አረንጓዴ ሆኑ። ልኬቶቹ መግባት ቀጠሉ። ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግሥቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የግድቡ መሐንዲስ ጫማው ውሃ እየተፋ ገባ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሲጨንቀው ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ልጅ ነው። ያን ጠዋት በሹክሹክታ ነበር የሚናገረው።

«እትዬ፣ ውሃው ለቀዩ የአደጋ ምልክት ሠላሳ ሳንቲሜትር ቀርቶታል። አባባ ሊትር አሁን የለኩት መቶ ሠላሳ ስምንት ነው።»

«በደቂቃ?»

«በደቂቃ። ውሃው እዚህ የደረሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ያኔ ስንት ያፈስ እንደነበር ያውጡልኝ።»

«ውሃው ሲጨምር ላቡም ይጨምራል አይደል?»

«ይጨምራል። ስንት መጨመር እንዳለበት ነው ያጣሁት። ያኔም መቶ ሠላሳ ከነበረ ምንም አይደለም፣ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ግማሹ ከነበረ ግን ግድግዳው እየተበላ ነው፤ የማፍሰሻ በሮቹን መክፈት አለብኝ። በሮቹ ከተከፈቱ የታችኛው ሰፈር እስከ መስኮት ውሃ ይገባዋል። አራት መቶ ቤት ነው። በከንቱ ከከፈትኩ ሰው አፈናቅዬ ንብረት አጠፋሁ። መክፈት ሲገባኝ ካልከፈትኩ ደግሞ...»

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። የእትዬ መዝገብ እናት የምትኖረው በታችኛው ሰፈር፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ላይ ነው።

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ውሃው በየሰዓቱ አራት ሳንቲሜትር እየጨመረ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ መወሰን አለብኝ።»

የልኬቱን አቃፊ ከፈተች። ፋይሎች ነበሩ። ቀኑን አየች፤ የመጀመሪያው ፋይል የትናንት ከሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ምንም የለም። የግድቡ ታሪክ ትናንት አሥር ሰዓት ላይ የጀመረ ይመስል ነበር።

ለደቂቃ ያህል እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች። ይህ ልማዷ ነው፤ ስትደነግጥ መጀመሪያ እጇን ታነሣለች፤ የደነገጠ እጅ ይሰርዛል።

ከዚያ ደረጃ በደረጃ ሄደች። ይህን አካሄዷን ማየት ደስ ይላል፤ በዚያን ዓይነት ጠዋት እንኳ ደስ ይላል። በመጀመሪያ ማሽኑን የተሰኩበትን ዲስኮች እንዲቆጥር አዘዘችው። ሁለት አገኘ፤ ትንሹ ማሽኑ ራሱ የሚነሣበት፣ ትልቁ የልኬቱ። ስለዚህ ብረቱ አልሞተም። ቀጥላ ትልቁን ዲስክ በቦታው እንዲያገናኝ አዘዘችው። ማሽኑ መለሰ፤ የማይታወቅ የፋይል ሲስተም ዓይነት። ሦስተኛ፣ ከርነሉን የሚያውቃቸውን ዓይነቶች ዝርዝር ጠየቀችው። ሃያ ስድስት መስመር ወጣ። በጣቷ እየነካች ወረደች። የእሷ የለበትም። አራተኛ፣ አስተርጓሚውን በስሙ ጠራችው፤ የለም። አምስተኛ፣ የትናንቱ አሮጌ ከርነል ካለ በእሱ ላስነሣው ብላ የነበረበትን ቦታ ከፈተች። እድሳቱ ቦታ ለማስለቀቅ ጠርጎታል።

አሁን ሁሉም ነገር ገባት። ልኬቶቹ ትናንት መግባት የቀጠሉት ወደ መጋዘኑ አልነበረም። መጋዘኑ ስለተዘጋ በሩ ላይ፣ ደጅ ላይ ነበር የሚከመሩት። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ግን ዕቃው እየገባ ነው።

«አሁንስ ምንድን ነው?» አለ መሐንዲሱ።

«ቁጥሩ አለ። የሚያነብልኝ ነው የጠፋው» አለችና ስልኩን አነሣች።

አቶ ደቂቃ ረጋ ብሎ ሰማት። «አይዞሽ እህቴ፣ ለዚህ ነው ቅጂ ያለው። እኛ ጋ ያለውን እልክልሻለሁ። ደቂቃ ነው።»

የቁልፍ ድምፅ ይሰማታል። ከዚያ ቆመ።

«ወንድሜ?»

«ቆይ።»

«ወንድሜ፣ ምን አየህ?»

«ቅጂው... ከትናንት አሥር ሰዓት ነው የሚጀምረው።»

እዚህ ላይ ማንም ሰው ሊሳሳት የሚችለውን፣ እነሱ ግን ሊሳሳቱ የማይገባቸውን ስሕተት መረዳት ያስፈልጋል። ቅጂው የተሠራው መስተዋት እንዲሆን ነው፤ እዚህ የተጨመረ እዚያ ይጨመራል፣ እዚህ የጠፋ እዚያም ይጠፋል። ሌሊቱን መስተዋቱ መጣ፤ አቃፊውን አየ፤ የሃያ ሁለት ዓመቱ ፋይል የለም። ታማኝ ነውና እዚያም ያለውን ሁሉ አጠፋው። ማንም አልነካም፣ ማንም ክፉ አልሠራም። ባዶነቱ በራሱ እግር ሄዶ ቅጂውን በላ።

«ስሚኝ» አለ አቶ ደቂቃ፤ ድምፁ ተቀይሯል። «ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆናል። የጥገና ፕሮግራሙን አስነሺበት፤ የሚስተካከለውን ያስተካክል።»

«በየትኛው ቋንቋ?»

«እንዴት ማለት?»

«የጥገና ፕሮግራሙ የአዲሱን ፋይል ሲስተም ቋንቋ ነው የሚያውቀው። የኔን ዲስክ አጻጻፍ ሲያይ ሁሉንም ስሕተት ነው ብሎ ያርመዋል። አርሞ ሲጨርስ የሚነበብ ነገር አይተርፍም። ዲስኩ አልታመመም፣ ወንድሜ። ጤነኛ ሰው ቋንቋው ስላልገባህ ብቻ ታርደዋለህ?»

«እና ምን ልታደርጊ ነው? እኔ እኮ ለአለቃዬ...»

«ለአለቃህ ደቂቃ ነው በለው» አለችና ዘጋችው።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። አባባ ሊትር ከታች ደወለ። «ሊትር ነኝ። መቶ አርባ አራት።»

መሐንዲሱ ስልኩን ከእጇ ወሰደ። «አባባ፣ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እርስዎ አልነበሩም እንዴ የለኩት? ስንት ነበር?»

«እኔ ነኝ የለካሁት። ስድሳ ምናምን መሰለኝ... ወይ መቶ ስድሳ። ስድሳማ አለበት።»

«በመሰለኝ በር አይከፈትም፣ አባባ።»

«እሱማ ልክ ነህ። እትዬ መዝገብን ጠይቃት፤ እሷ ናት የጻፈችው።»

እሷ ናት የጻፈችው። ያን ክረምት ሙሉ እያንዳንዱ ቁጥር በጣቶቿ አልፏል። ዓይኗን ጨፍና ልታስታውስ ሞከረች። የደብተሩ ሽታ መጣላት፤ የተሰነጠቀው መስኮት መጣላት፤ ቁጥሩ ግን አልመጣም። ሰው የሚገለብጠውን አያነብም።

አስተርጓሚውን ከምንጩ አውርዳ ለአዲሱ ከርነል እንደገና መሥራትን አሰበች። ይቻላል፤ ነገር ግን የአዲሱ ከርነል ውስጡ ስለተቀየረ አሮጌው አስተርጓሚ እንደ አሮጌ ቁልፍ ይሆናል፤ በየጥርሱ ሞርዶ ማስማማት ያስፈልጋል። የቀናት ሥራ ነው። የነበራት ሦስት ሰዓት አይሞላም።

«የማያውቀውን አዲስ ማስተማር ካልቻልኩ» አለች ለራሷ፣ «የሚያውቀውን አሮጌ ልፈልግ።»

ከሦስት ዓመት በፊት በጡረታ የወጣው አሮጌ ሰርቨር፣ የልኬት ዲስኩ ተነቅሎለት ከነአሮጌ ከርነሉ ንብረት ክፍል ውስጥ ነበር፤ በተሰበሩ ወንበሮች ሥር። ንብረት ክፍል ኃላፊው መነጽሩን አውርዶ አያት።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ለጨረታ የተመዘገበ ነው። ያለ ወጪ ቅጽ ብሎን አይወጣም።»

«ቅጹን ሙላው።»

«ሦስት ፊርማ ነው። አለቃው ደግሞ ስብሰባ...»

«ቤትህ የት ነው?»

«ምን?»

«ቤትህ የት ነው አልኩህ?»

«ታችኛው ሰፈር።»

«እንግዲያው ፈርም፣ ተሸከምልኝ።»

ተሸከመላት። ማሽኑ የሰው ያህል ይከብዳል። ጠረጴዛ ላይ ሲያኖሩት ከሆዱ አቧራና የሞተ ሸረሪት ወደቀ። ኤሌክትሪክ ስትሰጠው ጮኸ፤ ሦስት ጊዜ ጮኾ ጠፋ። በማሽኖች ቋንቋ ያ ጩኸት «ማስታወሻዬ አልተሰካም» ማለት ነው። ማሽኑ እየሠራ የሚያስብባቸውን የማስታወሻ ካርዶች ነቅላ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገቻቸው፤ አንዱን ትታ በሌሎቹ ሞከረች። እንደገና ጮኸ። ቦታ አቀያየረቻቸው። በአራተኛው ሙከራ ማራገቢያው እንደ አስም በሽተኛ እየሳለ ተነሣ። ሰዓቱ ቆሞበት ስለነበረ ቀኑን ከሃያ ዓመት በፊት ነው ብሎ ነበር የሚያምነው።

አራት ሰዓት ተኩል። «ሊትር ነኝ። መቶ አምሳ አንድ» አለ ስልኩ። ቀጥሎ፣ «ልጄ፣ ድምፁ ተቀይሯል» አላት።

«የምኑ ድምፅ፣ አባባ?»

«የውሃው። ድሮ ያንጎራጉር ነበር። አሁን ያወራል።»

አሮጌውን ከርነል የሚያውቃቸውን ዓይነቶች ጠየቀችው። አሥራ ሁለት መስመር ብቻ ወጣ። በዘጠነኛው ላይ የእሷ ነበር። መሐንዲሱ በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ ያያል፤ ትንፋሹ አንገቷን ይነካታል። «ራቅ በል፣ ልጄ፤ ልሥራበት» አለችው።

ዲስኩን ከአዲሱ ሰርቨር አወጣችው፤ ወደ አሮጌው ሰካችው። ከመክፈቷ በፊት ግን አንድ ነገር አደረገች። ብዙ ፋይል ሲስተሞች ሲከፈቱ ሳይነገራቸው ያልተጨረሰ ሥራ ካለ ልጨርስ ብለው ይጽፋሉ። አሮጌ፣ የታመመ ማሽን ደግሞ ሲጽፍ ይሳሳታል። ስለዚህ ዲስኩን ከሥሩ ለንባብ ብቻ አደረገችው፤ ማንም፣ ከርነሉም ቢሆን፣ አንዲት ነጥብ እንዳይጽፍበት። ከዚያ ነው «ክፈት» ያለችው።

ማሽኑ ዝም አለ። ዲስኩ ቀጭን ድምፅ አሰማ። ምንም ስሕተት አልወጣም። በዚህ ሥራ ውስጥ መልካም ዜና ሲመጣ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው።

አቃፊውን ዘረዘረች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ከማያ ገጹ ላይ እንደ ጎርፍ ወረደ።

«ያንን ዓመት» አለ መሐንዲሱ።

ፈለገችው። ቀኑን አገኘች። የውሃው ከፍታ ከዛሬው በሁለት ሳንቲሜትር ብቻ ያንስ ነበር። ከጎኑ ያለውን ቁጥር አነበበች፤ ድምፅ ሳታወጣ እንደገና አነበበችው።

«ስድሳ አንድ» አለች።

መሐንዲሱ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«በማግሥቱስ?»

«ስድሳ ሁለት። በሦስተኛው ቀን ስድሳ አንድ። ከዚያ ውሃው ወረደ።»

«ዛሬ መቶ አምሳ አንድ» አለ መሐንዲሱ፤ ለማንም አይደለም። ከዚያ ቀና አለ። «እትዬ፣ በሮቹን ከከፈትኩ እናትዎ...»

«አውቃለሁ።»

«ቤቱ ወንዙ መታጠፊያ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያገኘው...»

«አውቃለሁ አልኩህ። ቤቱ የሌላ ሰው እናት ቤት ቢሆን ምን ታደርግ ነበር? ያንኑ አድርግ።»

አምስት ሰዓት ላይ የማስጠንቀቂያው ጩኸት ተነሣ። የታችኛው ሰፈር ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲወጣ ተነገረው፤ ከዚያ በሮቹ ይከፈታሉ። እትዬ መዝገብ እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ ውጪ። አሁን።»

«ምን ሆነሽ ነው? በዚህ ዝናብ የት ልሂድ?»

«ወደ ላይኛው ትምህርት ቤት። መኪና ይመጣል።»

«ልብሱን በርሜል ውስጥ ዘፍዝፌዋለሁ እኮ! ደግሞ ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ጮኾ ምንም አልመጣም። ያ ማሽንሽ ነው ዛሬም ያሳበደሽ?»

«እማዬ፣ ማሽኑ አይደለም። እኔ ራሴ ነኝ ያነበብኩት።»

እናቷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ልጅዋ ግን ስታነብ ተሳስታ አታውቅም። «በቃ እሺ፤ ነጠላ ጫማዬን ላድርግ» አለች።

አባባ ሊትር ከመተላለፊያው እንዲወጣ ታዘዘ። አልወጣም፤ «አንዴ ልለካ» ብሎ ቆየ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ደወለ። «ሊትር ነኝ። መቶ ሰባ። ልጄ፣ ውሃው አፈር ይዟል፤ ቡናማ ሆኗል። ወጣሁ።» ቁጥሩን ከነሰዓቱ ጻፈችው። ከዚያ በኋላ ለመለካት የወረደ ሰው የለም። የቀረውን ጊዜ ዲስኩን ወደ ሁለት ሌሎች ዲስኮች ስትገለብጥ ቆየች፤ አንዱን ለመሐንዲሱ ሰጠችው፤ አንዱን በላስቲክ ጠቅልላ ብብቷ ሥር አድርጋ ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣች።

ሰባት ሰዓት ላይ በሮቹ ተከፈቱ። የታችኛው ሰፈር ሰው በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተሰልፎ የራሱ ቤት ሲሞላ አየ። ማንም አልሞተም። አራት መቶው ቤት ግን እስከ መስኮቱ ጭቃ ሆነ፤ ሱቁ፣ ወፍጮው፣ የእማዬ በርሜል ከነልብሱ ሄደ። ግድቡ ደግሞ እንደቆመ ቀረ። ዝናቡ ሲያባራ ሰው ወደ ላይ ያየዋል፤ ያው ነው፤ ስንጥቅ እንኳ አይታይበትም።

ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ሳምንት ለእትዬ መዝገብ ከዚያ ጠዋት ይልቅ ይከብዳት ነበር። ጭቃ የምታወጣ ጎረቤት እናቷን በአጥር ላይ፣ «ልጅሽ ከድሮ ማሽን ላይ አንድ ቁጥር አገኘሁ ብላ ነው ቤታችንን ያስበላችው አሉ» ትላታለች። ንብረት ክፍል ኃላፊው በጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ሲያገኛት መንገድ ይቀይራል። እናቷ ምንም አላለቻትም፤ አንድ ቀን ብቻ ግድግዳ እየፋቀች፣ «ስድሳ አንድ ነው ያልሽው?» አለቻት።

«ስድሳ አንድ ነው።»

«ጥሩ» አለች እናቷ፤ መፋቋን ቀጠለች።

እሷ ግን ሌሊት ሌሊት እየተነሣች ያንን ፋይል ትከፍተው ነበር። አንድ አሃዝ ቀርቶ ቢሆንስ? የዚያን ዘመን ወጣት ጸሐፊ፣ ያ የራሷ እንቅልፋም እጅ፣ መቶ ስድሳ አንድን ስድሳ አንድ ብሎ ገልብጦ ቢሆንስ? በማግሥቱ ያለውን ስድሳ ሁለት ታያለች፤ ትረጋጋለች። ሁለቱንም አንድ እጅ እንደጻፋቸው ትዝ ሲላት ደግሞ ትነሣለች።

በስድስተኛው ሳምንት የግድቡ ውሃ ዝቅ አለ። መሐንዲሱ መብራት ያለበት የራስ ቆብ ይዞላት መጣ። «ይምጡ፣ እትዬ። የጥገና ሠራተኞቹ ከውሃው በኩል ያለውን ግድግዳ ከፍተዋል» አላት።

ከአባባ ሊትር ጋር ሦስት ሆነው ወረዱ። በግድቡ ገጽ ላይ፣ ድንጋዮቹ በተነሡበት ቦታ፣ በር የሚያህል ጥቁር አፍ ነበር። እግሯን አስገባች፤ ቀጥሎ ራሷን። ቀና ብላ ቆመች፤ ጣሪያው አልነካትም። ግድግዳው በውሃ ተልሶ የለሰለሰ ነው፤ እንደ ጉሮሮ። አምስት ሳምንት ሙሉ ሰው ከውጭ አይቶ ጤነኛ ነው ያለው ግድብ ውስጡ ይህን ይዞ ነበር የቆመው።

አባባ ሊትር መብራቱን ወደ ውስጥ አቀና። ብርሃኑ ሄደ፤ ሄደ፤ ጠፋ። መሐንዲሱ የመለኪያ ገመዱን ጫፍ ረጅም ብረት ላይ አስሮ ወደ ጨለማው ይገፋ ጀመር። አምስት ሜትር። አሥር። አሥራ አምስት። ብረቱን በብረት እየቀጠሉ ገፉ። ሃያ ላይ ገመዱ አለቀ፤ ጫፉ ገና ምንም አልነካም።

እትዬ መዝገብ ደብተሯን አወጣች። «ስንት ብዬ ልጻፍ?»

መሐንዲሱ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ጨለማው አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከሃያ በላይ ብለው ይጻፉ፣ እትዬ» አላት፤ «እና ቶሎ እንውጣ።»